ቴንች ፍለጋ፦ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የያዝኩት ማስታወሻ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው አሳ ማጥመድ ልማር ቢል የሰፈር ልጅ ይስቅበታል። ልጅ ሆነን ከአሞራ ገደል ራቅ ብለን እንቀመጥና ሸምበቆ ላይ ናይለን ክር አስረን፣ ትል ሰክተን ቆሮሶ እናወጣ ነበር። ክሩ ሲሳብ መንጠቅ ነው። ሌላ ትምህርት የለውም። ስለዚህ ለንደን ውስጥ ፖላንዳዊ የሥራ ባልደረባዬ «ቴንች ይዘህ ታውቃለህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አሳ ያው አሳ ነው ብዬ ተኩራራሁ። ጉራዬ ሲተነፍስ ለማየት ብዙ አልቆየሁም።

ቴንች የካርፕ ዘመድ የሆነ አሳ ነው። ቀለሙ እንደ ወይራ ፍሬ አረንጓዴ፣ ሆዱ አካባቢ ወደ ወርቃማ የሚሄድ፣ ዓይኑ ትንሽና ቀይ። በአፉ ግራና ቀኝ አንዳንድ አጭር ጢም አለው። ገላው በወፍራም ልጋግ የተሸፈነ ስለሆነ ድሮ አውሮፓውያን «ሐኪም አሳ» ይሉት ነበር፤ የታመመ አሳ መጥቶ ቢታከከው ይድናል ብለው ያምኑ ነበር። የእኛ ሰው ጠበል እንደሚለው መሆኑ ነው። ጭቃና ሣር ያለበት የረጋ ውሃ ይወዳል። በብርዱ ወራት ከታች ተኝቶ ምግብ እምብዛም አይነካም። ውሃው ሲሞቅ ይነሳል። ከፀደይ እስከ በጋ የሚፈለገው ለዚህ ነው። በፈረንጅ ፀደይና በጋ ማለቴ ነው፤ የእኛው ክረምት እዚህ በጋ ስለሆነ ግራ እንዳትጋቡ፣ ቀኑን ሁሉ በራሳችን ወር ነው የጻፍኩት።

ሐይቄ በለንደን ምዕራብ፣ ኮልን ቫሊ ከሚባለው አካባቢ ነው። እዚያ ያሉት ብዙዎቹ ሐይቆች ድሮ ለግንባታ ጠጠር የተቆፈረባቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ በኋላ ውሃ ሞላባቸው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ፈቃድ አውጡ። እንግሊዝ ውስጥ ዕድሜው 13 የሞላ ሁሉ በዘንግ ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከ13 እስከ 16 ላሉት በነፃ ነው። ያለ ፈቃድ የተገኘ እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። የሐይቁ ባለቤት ወይም ክበብ የሚያስከፍለው ደግሞ ለብቻው ነው።

ሚያዝያ 12። የውሃው ሙቀት 10 ዲግሪ። ምንም።

ሚያዝያ 19። 10 ዲግሪ። ምንም። የዚያን ቀን ጥፋቱ የራሴ ነበር። የዳቦ ፍርፋሪና የቆርቆሮ በቆሎ አሽቼ፣ ጭብጦ ጭብጦ እያደረግሁ አሥራ ምናምን ወረወርኩ። ድግስ ደገስኩ ማለት ይቻላል። ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ አሳ ያን ሁሉ ከየት አምጥቶ ይበላዋል? ከእኔ ራቅ ብለው የተቀመጡ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ ዕቃቸውን ሸክፈው ሲሄዱ «በሚቀጥለው ሁለት ብቻ» ብለውኝ አለፉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ብቻ ነው የምወረውረው።

ግንቦት 10። 14 ዲግሪ። እውነተኛው ትምህርት የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ክሩ ላይ የታሰረው ተንሳፋፊ ምልክት ሲሰምጥ እነጥቃለሁ ብዬ ከንጋት ጀምሮ ዓይኔን ተክዬ ነበር። አልሰመጠም። ይልቁንም ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ አንገቱን እንደሚያሰግግ ሰው። ከዚያ ውሃው ላይ ተጋደመ። ነፋስ ነው ብዬ ተውኩት። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። አሁንም ተውኩት። ክሩን ስስብ መንጠቆው ባዶ ነበር፤ በቆሎው ተበልቷል።

ነገሩን ቤት ገብቼ ሳጠና ነው የገባኝ። የቴንች ማጥመጃ ብልሃት ከሐዋሳው ተቃራኒ ነው። ከመንጠቆው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ክሩ ላይ አንዲት ሽምብራ የምታክል ክብደት ይደረጋል። የክሩ ርዝመት ከውሃው ጥልቀት በትንሹ ይበልጣል። ዘንጉን መደገፊያው ላይ አስቀምጣችሁ ክሩን ቀስ እያላችሁ ስትወጥሩት ክብደቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ተንሳፋፊውን ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች። ቴንቹ ሲበላ ጭንቅላቱን ደፍቶ፣ ጭራውን ሰቅሎ ነው። በቆሎዋን አፉ ውስጥ ከከተተ በኋላ ሰውነቱን ያቃናል። ሲቃና ክብደቷን ይዟት ይነሳል። ወደ ታች የሚስበው ነገር ያጣው ተንሳፋፊ ደግሞ ይወጣል፣ ይጋደማል። መንጠቅ ያኔ ነው። የልጅነት እጄ ግን ይህን እሺ ለማለት ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀበት።

ስለ ክብደቷ አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ከእርሳስ ነበር የምትሠራው። ስዋን የሚባሉት ትልልቅ የውሃ ወፎች እየዋጧት በመርዝ ይሞቱ ስለነበር በፈረንጅ ከ1987 ጀምሮ ትንንሾቹ የእርሳስ ክብደቶች እንግሊዝ ውስጥ እንዳይሸጡ ተከልክለዋል። ዛሬ የሚሸጠው ከሌላ ብረት የተሠራ ነው። ከአገር ቤት ይዛችሁ የመጣችሁት ካለ እዚያው ሻንጣ ውስጥ ይቅር።

ግንቦት 23። 16 ዲግሪ። ተገኘ!

ከመንጋቱ በፊት ደረስኩ። ከውሃው ላይ ጭጋግ እየተነሳ ነው። ውሃው ላይ ከተንሳፈፉት የአበባ ቅጠሎች ጫፍ፣ ከእኔ ሰባት ሜትር ያህል ርቆ፣ ልክ የአምቦ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ እንደሚወጣው ያለ ጥቃቅን አረፋ ቦግ ቦግ ይላል። ቴንች ጭቃውን ቆፍሮ ትል ሲፈልግ አረፋው እንዲህ ደቀቅ ብሎ ነው የሚወጣው። ካርፕ ሲሆን ተለቅ ተለቅ ይላል። (ከጭቃው ውስጥ ዝም ብሎ የሚወጣ ጋዝም አለ። እሱ ካንድ ቦታ አይንቀሳቀስም። የአሳው ይሄዳል።) አረፋው አጠገብ ጣልኩ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተንሳፋፊው ተነሳ፣ ተጋደመ፣ ነጠቅሁ።

ቴንች እንደ ካርፕ በፍጥነት አይሮጥም። ይከብዳል። ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ ጎማ የምትስቡ ነው የሚመስላችሁ፤ ከዚያ ድንገት ጎማው ወደ አበባው ሥር ይጎትታችኋል። እጄ ተንቀጠቀጠ። መረቡ ውስጥ ሲገባ ጮህኩ፤ በአማርኛ። ሽማግሌው ከወዲያ ማዶ ኮፍያቸውን ነካ አደረጉ። 1 ኪሎ ከ900 ግራም። ወንድ ነበር። በሆዱ በኩል ያሉት ክንፎች እንደ ማንኪያ ሰፋ ያሉ ከሆኑ ወንድ ነው፤ የሴቷ ያነሱና ቀጠን ያሉ ናቸው። ልጋጉ እንዳይላጥ እጄን ውሃ ነክሬ፣ ለአሳው የሚዘረጋው ምንጣፍ ላይ አስተኝቼ፣ መንጠቆውን ነቅዬ ለቀቅኩት። መንጠቆው ወደኋላ የዞረ ጥርስ የሌለው ስለሆነ በጣት ነው የወጣው።

መልቀቄን እማዬ እስካሁን ይቅር አላለችኝም። «ሌሊት ተነስተህ፣ ብርድ በልተህ፣ ይዘህ መልሰህ ትለቀዋለህ? ምነው ልጄ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ በስልክ። የክበቡ ሕግ ነው ብላት ሊገባት አልቻለም። ቀጥላ የጠየቀችው «ለመሆኑ ቅርፊት አለው?» ብላ ነው። አምባዛን ቅርፊት የለውም ብላ በሕይወቷ አልቀመሰችም። አለው፤ ግን እጅግ ጥቃቅን ነው፣ ከቆዳው ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠ፣ ላዩ ልጋግ። በእጅ ስትዳስሱት የለውም ብላችሁ ትምላላችሁ። ፖላንዳዊው ጓደኛዬ በበኩሉ ከእማዬ ጎን ነው የቆመው። አያቱ በጎምዛዛ ክሬም ይሠሩት ነበርና እኔ በለቀቅኩ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።

ሰኔ 9። እንግሊዞች ዘንድ የተለየ ቀን ነው። በፈረንጅ ጁን 16 ሲሆን፣ ድሮ አሳ ማጥመድ ከማርች 15 ጀምሮ ተከልክሎ ቆይቶ የሚፈቀደው በዚህ ቀን ነበር። ወንዞች ላይ ዛሬም እንደዚያው ነው፤ አብዛኞቹ ሐይቆች ግን በፈረንጅ ከ1995 ወዲህ ነፃ ሆነዋል። ሽማግሌው ቀኑን እንደ በዓል ያከብሩታል፤ ሸሚዝና ከረባት አድርገው ነበር የመጡት። ፀሐይ የወጣችው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ43 ላይ ነው። እስከ ጧቱ ሁለት ሰዓት ሦስት ያዝኩ፤ ትልቁ 2 ኪሎ ከ600። የአገሩ ክብረ ወሰን በፈረንጅ 2001 የተያዘ፣ 6 ኪሎ ከ900 ግራም የሚጠጋ ስለሆነ ገና ብዙ ይቀረኛል።

ሰኔ ማለቂያ። 20 ዲግሪ አለፈ። አሳዎቹ ሣሩ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ፣ ይገለባበጣሉ፣ ምግብ ግን አያዩም። እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ነው። ቴንች ከብዙዎቹ አሳዎች ዘግይቶ ነው የሚጥለው። ሁለት ሳምንት ተውኳቸው። ሠርግ ቤት ገብቶ ዕቁብ መሰብሰብ አይሆንም።

ሐምሌ። ሣሩ ውሃውን ሞላው። ሁለት የአትክልተኛ ሬኮች ጀርባ ለጀርባ አስሬ፣ ገመድ አበጅቼ፣ ወርውሬ እየጎተትኩ መሬቱን አጸዳሁ። ውሃው ቡና መሰለ። ያን ሁሉ ረብሻ አይቶ የሚመጣ አሳ ይኖራል ብዬ አላመንኩም ነበር። ቴንች ግን ጭቃው ሲታወክ የሚወጣውን ትልና ቀንድ አውጣ ስለሚያውቅ ይመጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ አረፋው ጀመረ። ሁለት ያዝኩ፤ አንዱ አበባው ሥር ገብቶ ክሬን በጠሰው። ክሩ ቀጭን ነበር፤ 4 ፓውንድ ክብደት ብቻ የሚችል። አሁን ባለ 6 ነው የማስረው። መንጠቆ 12 ቁጥር። ጀማሪ ልብ ይበል፦ ቁጥሩ ሲበዛ መንጠቆው ያንሳል። እኔ 20 ቁጥር ትልቅ መስሎኝ ገዝቼ የቁንጫ ኮቴ ይዤ ተመልሻለሁ።

ነሐሴ። በሞቃት ቀን ከጧቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መቀመጥ ከንቱ ነው። የማታው ግማሽ ሰዓት አልፎ አልፎ ይሠራል። ወሩን ሙሉ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። በጠቅላላው ሰባት ቴንች፣ አራት ብሬም የሚባል ጠፍጣፋ አሳ፣ አንድ ክሩን ቋጥሮ ቋጥሮ ያስለቀሰኝ ኢል፣ እባብ የሚመስለው አሳ።

የመጨረሻዋን ቴንች ቪዲዮ ለእማዬ ላክሁላት። አቅርባ፣ አሳድጋ አየችው። ከሁለት ሰዓት በኋላ የድምፅ መልእክት መጣ፦ «አየሁት፣ ያምራል። ግን ዓይኑ ቀልቷል። እሱም እንዳንተ እንቅልፍ አጥቶ ነው።»