ፋሲካ ያለ አባዬ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ! 55ቱን ቀን የጾማችሁ፣ ግማሹን የጾማችሁ፣ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆማችሁ የተመለሳችሁ፣ ሁላችሁም። ዛሬ ሌሊት ለሆዳችሁ እዘኑለት፤ ተልባውን አስቀድሙ።

እኛ ቤት ዘንድሮ አባዬ የለም። ኅዳር ላይ ቀበርነው። ስለዚህ መልእክቴ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አባዬ ደግ ሰው ነበር። ገበታ ላይ ግን መርማሪ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ከቅዳሴ ተመልሰን፣ እንቅልፋችን ሳይለቀን መሶቡን ስንከብ፣ የካርድ ወሬ ያነሳል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ ከወጣ ቆይቷል፤ እሱ ግን አይረሳም። «አንቺ ስንተኛ ነበርሽ?» ይላል፣ እያወቀ። እህቴ 2ኛ ትላለች። እኔም የራሴን እላለሁ። ከዚያ ታናሽ ወንድሜ ላይ ይደርሳል። «እህትህን አታይም?» ወንድሜ እንቁላሉን ሳይጨርስ «ጠገብኩ» ብሎ ይነሳል።

ቀኑን ሙሉ በሪሞት ስንጣላ እንውላለን። አባዬ «ምን ሆናችኋል እናንተ ልጆች?» ይላል፤ ከምሩ ነው፣ አልገባውም። ጠቡ የሪሞት አልነበረም።

እማዬ ባሏን ልጆች ፊት አትከራከርም። የእሷ መላ ሌላ ነው። 12ቱን ብልት የምታወጣው እሷ ናት። ፈረሰኛው ለአባዬ። ከዚያ ወንድሜን ጠርታ ታስቀምጠዋለች፤ እህቴን «በይ ወንድምሽን አጉርሺው» ትላለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛውን ታስጨምራለች። ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው። አፍ ሞልቶ ማኩረፍ እንዴት እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል።

አባዬ ሲታመም እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እህቴ ጅዳ ናት። እኔ ከሥራ እስክገባ ይመሻል። ያጎረሰው ወንድሜ ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ ብዙ ጊዜ እራትም። አንድ ቀን አባዬ በዚያ እጁ ጠቅልሎ ወደ እሱ ዘረጋ። ግማሹ ወጥ አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ወንድሜ የቀረውን ጎረሰ። ይቅርታ የሚባል ነገር እኛ ቤት ተነግሮ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልተነገረም። ግን ሁለቱም ሲስቁ ሰማሁ።

እህቴ፣ ለዶሮውና ለቅቤው የላክሽው ደርሷል። የጅዳ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ማዳም ካልጠራችሽ በኢሞ አብረን እንፈስካለን። የእድራችን ሰዎች፣ በተለይ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላም ምሳ ይዛችሁ ስትመላለሱ የከረማችሁ እናቶች፣ እግዜር ብድራችሁን ይክፈል። እማዬ ያን ሰሞን የበላችው እናንተ ስላላችሁ ነው።

ልጆች ላላችሁ ደግሞ ልለምናችሁ። ዛሬ ሌሊት ካርድ፣ ማትሪክ፣ «የእነ እከሌ ልጅ» የሚባል ወሬ ገበታ ላይ አይነሣ። ሌላው ቢቀር ዶሮው እስኪያልቅ!

እማዬ ፈረሰኛው ዘንድሮ ለማን ይውጣ እያለች ስትጨነቅ ሰንብታለች። ወጉ ለታላቅ ወንድ ነው ትላለች፤ እኔን ማለቷ ነው። እኔ ግን ወስኛለሁ፣ ለእሷም ነግሬያታለሁ፤ ለወንድሜ ነው። አንተ ደግሞ «ጠገብኩ» ብለህ ብትነሣ ያኔ በእውነት እንጣላለን።

መልካም ፋሲካ!