ስልክን በታወር ሲግናል መፈለግ፦ ኮዬ ፈጬ ላይ ሠርቼ ያየሁት

ጂፒኤስ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከመስኮት ራቅ ሲሉ ይጠፋል። የታወር ሲግናል ግን መኝታ ቤት ድረስ ይገባል። ስለዚህ ኮዬ ፈጬ ባለ አንድ ጂ+4 ብሎክ ውስጥና እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው መንገድ ላይ፣ ስልክ የት እንዳለ በኔትወርክ ብቻ ለማወቅ ሠራሁ። ስልኮቹ የራሴና የፈቀዱልኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። በስልክ ቁጥር ብቻ የሰው ቦታ አሳያለሁ የሚል አፕ ካጋጠማችሁ አትመኑት፤ ያ መረጃ ያለው ኦፕሬተሩ ዘንድ ነው። እኔ የማወራው ስልኩ ራሱ ከሚሰማው ሲግናል ተነስቶ ቦታውን ስለማስላት ነው።

የውጪው ሥራ ቀላል ነው። አንድሮይድ ስልክና እንደ ኔትሞንስተር ያለ የሴል መረጃ የሚመዘግብ አፕ ይበቃል። ሎኬሽን ይብራ፤ ካልበራ አንድሮይድ የሴል ቁጥር፣ ማለትም ስልኩ የያዘውን የታወር ክፍል መለያ፣ አይሰጥም። ከኦፕሬተር መለያዎቹ 636-01 ኢትዮ ቴሌኮም፣ 636-02 ሳፋሪኮም ነው፤ የሁለቱን መዝገብ አትቀላቅሉ። የ4ጂውን ሴል ቁጥር ለ256 አካፍሉት፦ ድርሻው ታወሩን፣ ቀሪው ሴክተሩን (ታወሩ በአንድ አቅጣጫ የሚሸፍነውን ክፍል) ይለያል።

የታወሮቹን ቦታ ዝርዝር ከአንድ ቢሮ ልጠይቅ ሄጄ «ደብዳቤ አጽፈህ ና» ተባልኩ። ይዤ ስመለስ «ይሄ የእኛ ክፍል አይደለም» አሉኝ። መጀመሪያውኑ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር፤ አሁንም ያናድደኛል። እናንተ በዚህ ቀን አታባክኑ። ታወር የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ ሥሩ ሄዳችሁ ዙሩት፣ ሴክተሮቹ ሲፈራረቁ ታያላችሁ፣ ቦታውን በጂፒኤስ መዝግቡ።

ከታወሩ ያላችሁን ርቀት የሚነግራችሁ ታይሚንግ አድቫንስ የሚባለው ቁጥር ነው። በ4ጂ አንዱ ደረጃ 78 ሜትር ገደማ፣ በ2ጂ ደግሞ 550 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ስልኮች ይህን ቁጥር ጭራሽ አይሰጡም፤ ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። ሲግናሉ ሕንፃ ላይ ነጥሮ ሲመጣ መንገዱ ይረዝማል እንጂ አያጥርም፤ ስለዚህ ከብዙ ንባብ አማካዩን ሳይሆን ትንሹን ውሰዱ። በጣም የሚበረታው ታወር ደግሞ የግድ ቅርቡ አይደለም፤ ከፍታ ላይ የተተከለ ሩቅ ታወር ከጎናችሁ ያለውን ሊበልጠው ይችላል።

ያቃጠለኝ የቤት ውስጡ ነው። ዘዴው በየክፍሉ የሚሰሙትን ታወሮችና ጥንካሬያቸውን መዝግቦ ማስቀመጥ፣ ከዚያ አዲስ ንባብ ሲመጣ በጣም ከሚመስሉት ሦስት መዝገቦች ጋር ማመሳሰል ነው። መመዝገቢያውን ራሴ ጻፍኩት፤ በየሰከንዱ እንዲያነብ አድርጌ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ በየደጃፉና በየክፍሉ ቆምኩ። ስሞክረው ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ስልክ አንደኛ ፎቅ ላይ ያስቀምጠዋል። ግድግዳውን ጠረጠርኩ፣ የብረት በሩን ጠረጠርኩ፣ ስሌቱን ደጋግሜ ቀየርኩ። ሦስት ሳምንት ሄደ።

በመጨረሻ ጥሬውን ፋይል ከፍቼ የሲግናሉን ጥንካሬ መስመር በመስመር አነበብኩ። −97፣ −97፣ −97… ከሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ጀምሮ ሦስተኛ ፎቅ ደጃፍ እስክደርስ 14 መስመር አንድ ዓይነት ነው፤ የጎረቤት ታወሮቹም ቁጥር ሳይቀር። እውነተኛ ሲግናል እንዲህ አይቆምም፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ እንኳ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ይወዛወዛል። ኮዴ የሚጠራው «ጌት ኦል ሴል ኢንፎ» የሚባለውን የአንድሮይድ ትዕዛዝ ነበር፤ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ይህ ቀድሞ የተያዘውን ንባብ ይመልሳል እንጂ አዲስ አይለካም። አዲስ የሚያስለካው «ሪኩዌስት ሴል ኢንፎ አፕዴት» ነው። እሱም ቢሆን በተጠራ ቁጥር አዲስ ላይሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ንባብ ጋር የሚመጣውን ሰዓት አመሳክሩ፣ ሰዓቱ ካልተለወጠ መስመሩን ጣሉት። ያ ሰዓት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፋይሌ ውስጥ ነበር። አለማየቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ስህተት፦ ስልኩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥና የያዘው ታወር ጠንካራ ሲሆን፣ ጎረቤት ታወሮችን ለመለካት አይደክምም። ዝርዝሩ አንድ መስመር ብቻ ይሆናል። መዝገብ ስትይዙ ፒንግ (ትንንሽ መልእክት በኢንተርኔት ደጋግሞ መላክ) ከበስተጀርባ ይሂድ፤ ስልኩ ሥራ እንዳይፈታ።

ሦስተኛው የስልኮች ልዩነት ነው። እዚያው ቦታ ቆመን የኔ ስልክ −88፣ −97፣ −104 ሲያነብ የጎረቤቴ −94፣ −103፣ −110 አነበበ። ቁጥሩን እንዳለ ካወዳደራችሁ ሌላ ክፍል ይመስላል። በታወሮቹ ንባብ መካከል ያለውን ልዩነት ውሰዱ፦ በሁለቱም 9 እና 7 ነው። ፎቆቹ መለየት የጀመሩት ይህን ካደረግኩ በኋላ ነው፤ በዚህ ሥራ ደስ የሚለኝም ይኸው ነው።

በየአንድ ሜትሩ ለኩ የሚል መመሪያ ታገኛላችሁ። ለዋይፋይ ይሁን፤ ለታወር ድካም ነው። ለአንድ ክፍል አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ግን ወደ አራቱም አቅጣጫ ዞራችሁ፣ በየአቅጣጫው 30 አዲስ ንባብ ያዙ፤ ሰውነታችሁ ራሱ ሲግናል ይጋርዳልና። የብረት በሩን አንዴ ዘግታችሁ፣ አንዴ ከፍታችሁ ድገሙት።

መብራት በጠፋበት ሰዓት አትመዝግቡ። ባትሪያቸው ያለቀ ታወሮች አንድ በአንድ ይወርዳሉ፣ ዝርዝሩም ይለወጣል። ፍለጋው በዚያ ሰዓት የግድ ከሆነ፣ የወረደውን ታወር «እዚህ አይሰማም» ብላችሁ አትቁጠሩት፤ ከመዝገቡም ከአዲሱ ንባብም አውጡና በቀሩት አስሉ።