ከውጭ ነጭ የሆነው ዳቦ

ዛሬ ዳቦውን የቆረጠው አባዬ ነው። ቢላውን ሳቀብለው ልቤ ይመታ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳስብ የከረምኩት ስለ ቀለም ነው። ነገሩ የጀመረው አባዬ የዓይን ሞራው ከተገፈፈለት በኋላ ነው። ሞራ የያዘው ዓይን የሚደበዝዝበት ብርሃን ብቻ አይደለም። የዓይን ሌንስ እያረጀ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ዓለም ሁሉ ሻይ በያዘ ብርጭቆ በኩል እንደማየት ይሆናል። በተለይ ሰማያዊ ቀለም ይጠፋል። ደግሞ በዓመታት ቀስ እያለ ስለሚመጣ ባለቤቱ ራሱ ልብ አይለውም። አባዬም ልብ አላለውም ነበር። ዓይኑ የተሸፈነበት በተነሣለት ማግስት ሹራቡን ከወንበር ላይ አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዘውና «ይሄ ሰማያዊ ነበር እንዴ?» አለኝ። ስድስት ዓመት ለብሶታል።

ለዚያ ዓይን የሚሆን ነገር መሥራት አማረኝ። እኔ ደግሞ እጄ የለመደው ዳቦ ነው።

መጀመሪያ በቀይ ሥር ብቻ ሞከርኩ። ቀቀልኩት፣ ፈጨሁት፣ ከዱቄቱ ጋር አቦካሁት። ሊጡ የሚያምር ደማቅ ሮዝ ሆነ። ኩፍ ሲል ደግሞ ይበልጥ አማረ። እየደጋገምኩ ክዳኑን ገለጥ አድርጌ አየው ነበር። ተጋግሮ ወጥቶ ስቆርጠው ግን ውስጡ የደረቀ አፈር መስሏል። እዚህም እዚያም ትንሽ ሮዝ ቀርቶበታል እንጂ ያ ሁሉ ድምቀት የለም። በጣም አዘንኩ። በልተነዋል፤ ጣዕሙ ክፉ አልነበረም። ግን ጣዕም ብቻ አልነበረም የፈለግኩት።

ከዚያ ወዲህ ነው ቀለሞቹን አንድ በአንድ ማወቅ የጀመርኩት። እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው።

ቀይ ሥርን የሚያቀላው ቤታኒን የሚባል ነገር ነው። ሙቀት ያፈርሰዋል። ፋብሪካዎች ኢ162 በሚል የምግብ ቀለም መለያ ቁጥር እርጎና አይስክሬም ውስጥ ይጨምሩታል፤ ሁለቱም ኦቨን የሚገቡ አይደሉም። ውሃ ውስጥም በቀላሉ ይሟሟል። ስቀቅለው ግማሹን ቀለም ከውሃው ጋር ደፍቼዋለሁ ማለት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሳልልጠው በፎይል ጠቅልዬ ኦቨን ውስጥ አበሰልኩት። ሲፈጭ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጠብ አደረግኩበት፤ ኮምጠጥ ያለ ነገር ቀለሙን ያቆየዋል።

ቆስጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሎሚ ካገኘው አለቀለት። አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል መሐሉ ላይ ማግኒዚየም ይዟል። አሲድና ሙቀት ሲተባበሩበት ማግኒዚየሙን ይለቃል፤ ያን ጊዜ ቅጠሉ ይጠወልግና የወይራ ፍሬ ይመስላል። ቅጠሉን ብቻ ለይቼ አንድ ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ወዲያው ወደ በረዶ ውሃ። በደንብ ጨምቄ ፈጨሁት። ለቀይ ሥሩ የተጠቀምኩበትን ማንኪያ እንኳ አጥቤ ነው ወደዚህ የመጣሁት።

ካሮት የዋህ ነው። ብርቱካናማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን ኦቨኑን ይችለዋል። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ዘይት ውስጥ ነው የሚሟሟው። ትንሽ ዘይት ጨምሬ ፈጨሁት፤ በቃ።

ውሃው ላይም ተሳስቼ ነበር። አትክልት አብዛኛው ውሃ ነው። ከ100 ግራም ካሮት 88 ግራም ያህሉ ውሃ ነው፤ ቀይ ሥርም ያው። ቆስጣማ ከ90 በላይ ነው። እኔ የተፈጨውን ጨምሬ፣ እንደ ወትሮው ውሃም ጨምሬ፣ ሊጡ እጄ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ብሎኝ ነበር። አሁን ለ150 ግራም ዱቄት 105 ግራም የተፈጨ አትክልት አደርጋለሁ። ውሃ የምጨምረው እጄ ሊጡን ነክቶ ከጠየቀኝ ብቻ ነው።

ትናንት ማታ አራት ሊጥ አቦካሁ። ሦስቱ ባለ ቀለም፣ አንዱ ነጭ። በጠቅላላው 600 ግራም ዱቄትና 7 ግራም ደረቅ እርሾ። ኩፍ ካሉ በኋላ በመዳመጫ ዘረጋኋቸው። አረንጓዴው እየተሳበ ወደ ኋላ ይመለሳል። አልታገልኩትም። ሸፍኜ አሥር ደቂቃ ሳሳርፈው እሺ ብሎ ተዘረጋ። አንዱን በሌላው ላይ ደራርቤ ጠቀለልኳቸው። በየመሐሉ በብሩሽ ውሃ ቀባሁ፤ አለበለዚያ ሲጋገር ጥቅሉ ይላቀቅና ክፍተት ይፈጥራል። ከዚያ ነጩን ሊጥ እንደ ልብስ አለበስኩት። ይሄ የመጨረሻው ሐሳብ የራሴ ነው፤ እወደዋለሁ። ነጩ ለቀለሞቹ የኦቨኑን ንዳድ ይቀበልላቸዋል።

ከተረፈው ሊጥ ትንንሽ ቅጠሎች ቆርጬ ላዩ ላይ ለጠፍኩ። እነሱ አልዳኑም። 180 ዲግሪ ላይ ከ15 ደቂቃ በኋላ ፎይል ባለብሰውም አረንጓዴዎቹ ቀድመው ቡናማ ሆነዋል።

ከ45 ደቂቃ በኋላ አወጣሁትና ሥሩን ቆረቆርኩት። ባዶ ሣጥን ያህል ጮኸ፤ በስሏል። ትኩስ ዳቦ ሲቆረጥ ውስጡ ይላቆጣል፤ አንድ ሰዓት መጠበቅ ነበረብን። አባዬ ሁለት ጊዜ መጥቶ «አልበረደም?» አለኝ። ከላይ ሲያየው ተራ ዳቦ ነው። አልነገርኩትም።

ቢላው ገባ። የመጀመሪያው ቁራጭ ጋደም ሲል አባዬ እጁን አቆመ። ቀዩ ትንሽ ፈዝዟል፤ ግን ቀይ ነው። ብርቱካናማው ፏ ብሏል። አረንጓዴው በመሐላቸው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይዞራል። አባዬ ምንም አልተናገረም። ቁራጩን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። ብርሃኑ ላይ ይዞ በጣቱ ከመሐሉ ጀምሮ ዙሩን ተከተለ። ቀዩን «ይሄ ቀይ ሥር ነው» አለ። ብርቱካናማውንም አወቀው። አረንጓዴው ላይ ሲደርስ ቆየት ብሎ፣ «አረንጓዴ እንደዚህ እንደሆነ ረስቼው ነበር» አለ።

እኔ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ፤ ፊቴን ማዞር ነበረብኝ።

ሁለተኛውን ቁራጭ እየበላ ነው «ልጄ፣ ሰማያዊስ አይቻልም?» ያለኝ።

ይቻል ይሆናል። ወይን ጠጅ የሆነው ጥቅል ጎመን ጭማቂው ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል፤ ሶዳው ከበዛ ግን ወደ አረንጓዴ ያልፋል። እርሾ ሊጡን ኮምጠጥ ስለሚያደርገው ልኩን ማግኘት ቀላል አይሆንም። ማታ ጥቅል ጎመኑን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ከትፌ ጥጄዋለሁ። በሦስት ብርጭቆ እያከፋፈልኩ ሶዳውን በቢላ ጫፍ እየለካሁ ነው።