በስልክ ፊዚዮቴራፒ፦ ሥራው ያለው አስታማሚው እጅ ላይ ነው

ስትሮክ የመታው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ወረቀቱ ላይ «በሳምንት ሦስት ቀን ለፊዚዮቴራፒ ይመላለስ» ተብሎ ይጻፍለታል፤ ፊዚዮቴራፒ ማለት የዛለ አካልን በልምምድ የማበርታት ሕክምና ነው። ቤቱ ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ለሚርቅ ገበሬ ይህ የሚፈጸም ትእዛዝ አይደለም። በቃሬዛ የሚሸከሙት ጎረምሶች፣ የመኪናና የአልጋ ክፍያ፣ የአስታማሚ ቀለብም ያስፈልገዋል። አንዴ ይመጣል። ለሁለተኛው ቀጠሮ በግ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ አናየውም፤ ክንዱ ደረቱ ላይ እንደታጠፈ፣ እግሩ እንደተገተረ ይቀራል።

ስልክ እንዳነሳ ያደረገኝ ይህ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የምሠራው አማራ ክልል ውስጥ ነው። የፊዚዮቴራፒ ዲግሪ በአገራችን መሰጠት የጀመረው እዚሁ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ባለሙያው ግን እስከ ዛሬ በብዛት የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገብቶ ተመላላሽ ታካሚ ሲቀር፣ ከካርዳቸው ላይ ቁጥራቸውን እያወጣሁ መደወል ጀመርኩ። መጀመሪያ በቴሌግራምና በኢሞ በቪዲዮ ሞከርን። ስማርት ስልክ ያለው ልጅ ባለበት ቤት ይሆናል፤ ገጠር ግን ምስሉ እየቆመ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ያስቸግራል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ቪዲዮው ጭራሽ ቀረ፤ በእጃችን የነበረው ተራ ጥሪ ብቻ ሆነ። አሁን ኢንተርኔት ባለበት ቦታም ቢሆን የምተማመነው በድምፅ ነው። ቪዲዮ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘም ሥራ አይቆምም።

ድምፅ የሚበቃው ግን እዚያ ቤት ውስጥ የሠለጠነ እጅ ሲኖር ነው። ስለዚህ የስልኩ ሕክምና የሚጀመረው ታካሚው ገና ተኝቶ ሳለ፣ ከአስታማሚው ጋር ነው። ሆስፒታሎቻችን ውስጥ አስታማሚ ሌትና ቀን ከታካሚው አይለይም። መድኃኒት ግዛ፣ ውጤት አምጣ እያልን እናሯሩጠዋለን እንጂ እጁን አናስተምረውም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ራሴ አልጋው ላይ እተኛለሁ፣ ግማሽ ጎኔን እጥላለሁ፣ «በይ አንሺኝ» እላለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል የዛለውን ክንድ ይዞ ይጎትታል፣ ወይም በብብቴ ሥር እጁን አስገብቶ ያነሳል። ትከሻን አጥብቆ የሚይዘው ጡንቻ ስለዛለ በዚህ ጉተታ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ይጎዳል፤ ከወራት በኋላ ሌሊት የሚያስለቅሰው የትከሻ ሕመም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ክንዱን ትተው ከወገብ እንዲይዙ፣ ሲተኛ የታጠፈ ጋቢ ክንዱ ሥር እንዲያደርጉ፣ ራሱን ማገላበጥ ካልቻለ በየሁለት ሰዓቱ እንዲያገላብጡት አሳያቸዋለሁ። እነሱም እኔ ላይ ይሠሩታል። ይህን ሳይጨርሱ እንዲወጡ አልፈልግም።

ቤት ከገቡ በኋላ የምንገናኘው ማታ 1 ሰዓት ገደማ፣ ከብት ከገባ በኋላ ነው። ሚስኮል ያደርጋሉ፣ እኔ መልሼ እደውላለሁ።

«አባባ፣ እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ።»

ከአልጋ ያልተነሳውም፣ ደጅ ወጥቶ የተመለሰውም የሚሰጡኝ መልስ ይኸው ነው። ሐኪምን በእሮሮ ማስቸገር ነውር ስለሚመስላቸው ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ጥያቄዬ ከኑሯቸው ይነሳል። ዛሬ ቡናውን በየትኛው እጅዎ ያዙት? ሌሊት ደጅ ሲወጡ ማን ደገፈዎት? እሑድ ቅዳሴ ቆመው አስቀደሱ ወይስ ተቀምጠው? በመቋሚያ ነው ያለ መቋሚያ? ከእነዚህ መልሶች የምፈልገውን አገኛለሁ። አስታማሚውንም «ገባህ?» ብዬ አልጠይቅም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነውና። «እስኪ አሁን ምን እንደምታደርግ ንገረኝ» ስለው ግን የጎደለው ወዲያው ይታወቃል።

አካሄድን በጆሮ መስማት የተማርኩት ከአንድ አባትና ከልጃቸው ነው። ቀኝ ጎናቸው የዛለ አዛውንት ናቸው፤ ልጅቷ ትምህርቷን አቋርጣ ታስታምማቸዋለች። የነበራቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። «ስፒከር ላይ አድርገሽ መደቡ ጫፍ ላይ አስቀምጪውና፣ አባባ ኮንጎ ጫማቸውን አድርገው ከምሰሶው እስከ በሩ ይሂዱ፤ አንቺ በደካማው ጎናቸው ሁኚ» አልኳት። የደህናው እግር ዱብ ይላል፤ የዛለው ሸርተት ብሎ ይከተላል። ሸርተቱ ሲረዝም የእግሩ ፊት እየወደቀ መሆኑ ይገባኛል። ሸርተቱ ካበቃ በኋላ ዱቡ ቶሎ ሲከተል፣ በዛለው እግር ላይ ለመቆም ፈርተው እየተጣደፉ ነው ማለት ነው። «አባባ፣ በቀኙ ላይ ክብደትዎን ይጣሉና እስከ ሦስት ይቁጠሩ፣ ከዚያ ግራውን ያንሱ» እላለሁ። ልጅቷ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ሳምንታት ሲያልፉ ሸርተቱ እያጠረ መጣ፤ ከእኔ ቀድማ የሰማችው እሷ ናት። «ዶክተር፣ ዛሬ አልጎተቱትም!» ስትለኝ የተሰማኝን ደስታ ክሊኒክ ውስጥ አላውቀውም።

ሰዓት በሌለበት ቤት ልክ ያስፈልጋል። ተረከዝን ስቦ ለማቆየት 30 ሰከንድ ስፈልግ፣ ክርስቲያን ከሆኑ አንድ «አባታችን ሆይ» ቀስ ብለው እንዲደግሙ፣ ሙስሊም ከሆኑ ፋቲሓን እንዲቀሩ እላቸዋለሁ። ለክብደት የሃይላንድ ጠርሙስ አለ፤ ግማሽ ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ ነው፣ ጡንቻው ሲጠነክር ወደ ሊትሩ እንሄዳለን። ለመሳቢያ ላስቲክ ከወረዳው ጎማ ጠጋኝ ያረጀ ካላማዳሪያ ይቆረጣል። የመራመጃ ድጋፍ ጓሮ ውስጥ አራት ባላና ሁለት አጠና ነው፤ ቁመቱ ታካሚው ቀጥ ብሎ ሲቆም የእጁ አንጓ የሚደርስበት። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ያዘዝኩ ቀን ቤተሰቡ ሥራውን ያቆማል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። በሁዳዴ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ላይ ብዙ አይችልም፤ ልምምዱን ከምግብ በኋላ አደርግለታለሁ።

እያንዳንዱ ጥሪ ላይ የደም ግፊት መድኃኒቱን እጠይቃለሁ። «ተሽሎኛል» ብሎ የተወ ሰው ሁለተኛ ስትሮክ ከመታው የእስካሁኑ ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። እዚህ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ባይኖሩ ምንም ባልሠራሁ ነበር። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ የተመደቡ ሴቶች ናቸው፤ ሥራቸው ከአቅም በላይ ነው፣ ቢሆንም ቤቱን ያውቁታል።

ለሴቶች ታካሚዎቼ በተለይ አስፈላጊ ናቸው። ስልኩ የባል ነው፤ ስፒከሩ ተከፍቶ ጎረቤት ከቦ ይሰማል። ከወሊድ በኋላ ሽንት የሚያመልጣት ሴት ይህን እንዴት ትናገር? እኔ ጠይቄ እሷ «አዎ» ወይም «የለም» ብቻ እንድትመልስ አድርጌ አዘጋጃለሁ፤ ስፒከሩንም አስዘግታለሁ። ካልሆነ እናትየዋ ልጅ ለማስከተብ በምትመጣበት ቀን የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጤና ኬላው ውስጥ ለብቻቸው ሆነው በራሷ ስልክ ታገናኘኛለች። ያለማቋረጥ የሚፈሳት ከሆነ ፊስቱላ ሊሆን ስለሚችል ልምምድ አላዝም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ከወጌሻ ጋር መሥራት የለብንም ከሚሉ አንዳንድ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። ቤተሰቡ ከእኔ በፊት እሱን ጠርቷል፣ ከእኔም በኋላ ይጠራዋል። ስለዚህ ስልኩን ለወጌሻው እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። ከሁሉ በላይ የምፈራው የተሰበረ ክንድ ላይ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ነው፤ ደም አላሳልፍ ካለ የልጅ እጅ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። «ጋሼ፣ ጥፍሩ ላይ ጫን አድርገው ይልቀቁት፤ ቶሎ ይቀላል?» ቶሎ ካልቀላ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ካበጠ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ እስሩ አሁኑኑ ተፈትቶ ልጁ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። በአክብሮት ሲነገራቸው አብዛኞቹ ይሰማሉ። አንደኛው አሁን ራሱ ይደውልልኛል።

በስልክ የማልሞክራቸውም አሉ። ወገቡን የሚያመው ሰው ላብ ሌሊት የሚያጠምቀው፣ የሚከሳ፣ የሚያተኩሰው ከሆነ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ሳይመረመር ልምምድ የለም። በጭኖቹ መካከል ከደነዘዘውና ሽንት አልወጣ ካለው፣ ወይም መቆጣጠር ካቃተው፣ ያው ቀን ሪፈር ነው። አንድ ባቱ ብቻ አብጦ የሚያመው ሰው እግሩ አይታሽም፤ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው፣ ሕዝባችን ፊዚዮቴራፒ ሲባል መታሸት ስለሚመስለው፣ ያበጠ እግር ሲያይም ቅቤ ይዞ ስለሚቀርብ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት ለሆናችሁና ይህን ለመጀመር ለምታስቡ፣ ሆስፒታላችሁ አዲስ መሣሪያ እስኪገዛ አትጠብቁ። ታካሚው ሲወጣ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ሦስት ነገር በአማርኛ ጻፉለት፦ የአስታማሚውን ስልክ፣ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክና በእናንተ ፊት በእጁ የሠራቸውን ልምምዶች። እኛ ጋ ወረቀቱን ዘግተን ከመፈረማችን በፊት ቁጥሩን እዚያው ደውለን እንደሚጠራ እናረጋግጣለን።