ገዋኔ ላይ ፖምፓ ስንቀይር

ከአዳማ የወጣነው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው። 40 ኩንታል ዱቄት፣ እኔ፣ ረዳቴና ያረጀችው አይሱዙ ኤንፒአር። መድረሻችን አፋር፣ ሎግያ። ጎህ ሲቀድ የበሰቃን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዘን መተሐራን አለፍን፣ አዋሽ ገብተን ቁርስ በላን።

ጣጣው የጀመረው ከቁርስ ስንመለስ ነው። ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ ይዞራል፣ መኪናዋ ግን አትነሳም። ሌሊት ስትቀዘቅዝ እኮ በአንድ ቁልፍ ነው የተነሳችው! ባትሪውን ጠረጠርኩ፣ ፊልትሮውን ጠረጠርኩ፣ የቀዳሁበትን ማደያ በሆዴ ረገምኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ስትበርድ ግን ምንም እንዳልሆነች ተነሳች። እኔም ሞኙ "አየር ስባ ነው" ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

የድሬዳዋውን መንገድ በቀኝ ትተን፣ የድሮ ሹፌሮች እስካሁን "የአሰብ መንገድ" የሚሉትን ያዝን። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ጉልበቷ እየከዳት ሄደ። ዳገት በሌለበት ሜዳ ሦስተኛ ማርሽ! እንደምንም ገዋኔ ደረስንና ለምሳ አጠፋኋት። እዚያው ቀረች።

ኮፈን የሌለው መኪና ጥሩነቱ ካቢናውን ወደ ፊት ስትደፋው ሞተሩ ፊትህ መገተሩ ነው። እኔ ቱቦ ስነካካ ከጅቡቲ የሚመለስ አንድ ትልቅ ሰውዬ፣ የቦቴ ሹፌር፣ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። "ልጄ፣ ውሃ አለህ?" አለኝ። ሊጠጣ መስሎኝ ሃይላንዱን ሰጠሁት። ሰውዬው ግን ፖምፓውን፣ ናፍጣ ወደ ሞተሩ በግፊት የሚልከውን፣ በጨርቅ ጠቀለለና ውሃውን ቀስ እያለ አፈሰሰበት። ትንሽ ጠበቀ። "በል አሁን ቁልፍ ስጣት።" ተነሳች!

"ጋሼ፣ ዳነች ማለት ነው?" አልኩ። "አይ፣ አለቀላት ማለት ነው" ብሎ ሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖምፓው ውስጥ ናፍጣውን የሚገፋው ፕለንጀርና የሚመላለስበት ቤት በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሁለት ሦስት ማይክሮን አይበልጥም። ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል። ናፍጣ ደግሞ ሲግል ይቀጥናል፣ ስለዚህ ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ሲያዞረው ወደ ኋላ ያመልጥና ኖዝሉን (ናፍጣ የሚረጨውን አፍ) የሚከፍት ግፊት አይገኝም። ውሃው ሲያበርደው ናፍጣው መለስ ብሎ ይወፍራል፣ ግፊትም ይይዛል። ሞተሩ እየሠራ ግን ውሃ እንዳታፈስ፣ ፖምፓው ይነክሳል (ተጣብቆ ይቀራል)፤ ይህን ሦስት ጊዜ ደግሞ ነገረኝ።

እስከ አዋሽ ለመጎተት የተጠየቅሁትን ብር ስሰማ እዚሁ እቀይረዋለሁ አልኩ። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ለሚሠራው ወንድሜ ደወልኩ፣ ካሊብሬሽን የተደረገ (ልኩ የተስተካከለ) ፖምፓ ገዝቶ በሚኒባስ ላከልኝ። በማግስቱ ደረሰ። እስከዚያው አየሉ ተራራን እያየን፣ የፍየል ወተት እየገዛን፣ የፕሮሶፒስ ዛፍ ጥላ ሥር ተጋደምን (ጥላው ደስ ይላል፣ እሾሁ ግን ጎማም ጫማም አይምርም)።

ምንም ሳንፈታ መጀመሪያ አካባቢውን በናፍጣና በብሩሽ አጠብን፣ ምክንያቱም ፖምፓ የሚፈራው አሸዋ ነው፣ አፋር ደግሞ ከአሸዋ በላይ ምን አለ። ከዚያ ናፍጣ የሚረጭበት ጊዜ እንዳይዛባ አንደኛውን ፒስተን ከላይ አቆምኩ። ፒስተን በአንድ ዙር ሥራው ሁለት ጊዜ ከላይ ይቆማል፣ እኔ የምፈልገው ኮምፕሬሽን ላይ ያለውን ነው፤ የላዩን ክዳን ከፍቼ የአንደኛው ቫልቮች ሁለቱም ልል መሆናቸውን በእጄ አረጋገጥኩ። ፖምፓውና ሞተሩ የሚገናኙበት ላይ በሚስማር ምልክት ጫርኩ። ረዳቴ የተፈቱትን ቱቦዎች በጨርቅ ሲደፍን ተቆጣሁት፣ ክሩ ውስጥ ይቀራላ! የፌስታል ቁራጭ በላስቲክ አሰርንባቸው። ሌላው ቀላል ነበር፣ ወደ ሞተሩ የተጠጋው የታችኛው ዳዶ ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጀብን።

አዲሱን ስናስገባ ነው ጉድ የሆንነው። የፖምፓው ማርሽ የጥርሱ አቆራረጥ ሰያፍ ስለሆነ ሲገባ ራሱ ይዞራል፣ እኔ ደግሞ ልክ ምልክቱ ላይ አድርጌ ገፋሁት። አስነሳናት፤ ነጭ ጭስ በጭስ፣ ጉልበት የለ። አንድ ጥርስ ዘግይቷል። እንደገና ፈታን። አሁን አንድ ጥርስ አስቀድሜ ጀመርኩ፣ ገብቶ ሲያልቅ ምልክቱ ላይ ራሱ መጥቶ ተቀመጠ።

አየር ማስወጣቱም ትዕግሥት ይፈልጋል። የፊልትሮውን ማስተንፈሻ አላልቶ፣ አረፋው እስኪጠፋ የእጅ መግፊያዋን መምታት። ቀጥሎ ፖምፓው ራሱ ላይ። መጨረሻ የኖዝሎቹን ዳዶ አላልቶ በሞተሪኖ ማዞር። ረዳቴ ጣቱን ሊያስጠጋ ሲል ጮኽኩበት፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። አራቱም ናፍጣ ሲተፉ አጠበቅናቸው። ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ተነሳች።

ሚሌ ኬላ ስንደርስ ቀትር ነው፣ ምድሪቱ ትነዳለች። ፈታሹ "ሞተር አጥፋ" አለኝ። እጄ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ። "አጥፋ እንጂ!" አጠፋሁ። ጭነቱን አይቶ፣ ወረቀቱን አገላብጦ፣ "ሂድ" አለኝ። ቁልፉን ነካሁት፣ ወዲያው ተነሳች። እኔና ረዳቴ ተያይተን በሳቅ ስንፈርስ ሰውዬው "ምን ያስቃችኋል?" ብሎ ወረቀቱን እንደገና ጠየቀኝ።