የውሃ ሮኬት በደሴ ብርድ

ለውሃ ሮኬት ሃይላንድ አይሆንም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የውሃው ፕላስቲክ ስስ ነው። የለስላሳው ባለ 2 ሊትር ግን ጋዝ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ የምሞላበትን 4 ባር የአየር ግፊት ይሸከማል።

ውጭ አገር እየተሞላ ደጋግሞ የሚሠራ የሮኬት ሞተር አለ። የአሉሚኒየሙ ቀፎ ይቀመጣል፤ ጠጣሩ ነዳጅና ኦሪንጎቹ፣ ማለትም ክፍተት የሚዘጉት የላስቲክ ቀለበቶች፣ በየበረራው ይቀየራሉ። ደሴ ላይ እሱን ከየት አመጣለሁ? የእኔ ነዳጅ ሲሶ ያህል ውሃና የታመቀ አየር ነው። ጠርሙሱ ተዘቅዝቆ አፉ ውስጥ የግማሽ ኢንች ፒቪሲ ቧንቧ ይገባል። በመካከላቸው አየሩን የምትይዘው አንዲት ኦሪንግ ናት። አየር ማስገቢያውን ቫልቭ ጎሚስታው ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጦ ሰጠኝ። ለሮኬት ነው ስለው ሳቀና "አብሽር፣ ሲነሳ ጥራኝ" አለኝ። ብርም አልተቀበለኝም።

አዲስ ጠርሙስ ሳልሞክር አልተኩስም። እስከ አፉ ውሃ ሞልቼ 6 ባር ድረስ እነፋዋለሁ። ውሃ ስለማይታመቅ ቢቀደድ ይፈሳል እንጂ እንደ አየር አይፈነዳም። ገላው ላይ ነጭ የእጥፋት መስመር ካየሁ ደግሞ ያ ጠርሙስ ጡረታ ወጣ ማለት ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ይህ ሁሉ ያለ ችግር ሠርቷል፤ በእርግጥ ከአውሮፕላን ማረፊያው ርቄ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስደርስ ነው ጣጣው። ከሰዓት ነፋሱ ሮኬቱን የሰው ጣሪያ ላይ ስለሚጥለው በማለዳ መተኮስ አለብኝ። የታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በዚያ ቁር የጠርሙሱ አንገት ሥር "ሽሽሽ" ይላል፤ የግፊት መለኪያው የጌጁም መርፌ ይወርዳል። ኦሪንጓን አውጥቼ በጥፍሬ ስጫናት ጎድጉዳ ትቀራለች፣ ቶሎ አትመለስም። ላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። በ1986 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዋ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር በተነሳች በ73 ሰከንድ የጠፋችው የማስወንጨፊያ ሮኬቷ ኦሪንግ በብርድ ደርቆ ክፍተቱን መዝጋት ስላቃተው ነው።

አሁን ኦሪንጓ እስከ መጨረሻው ደቂቃ የካፖርቴ ኪስ ውስጥ ናት። ውሃውንም ለብ አደርገዋለሁ። ቫዝሊን ትቻለሁ፤ በብርድ ይረጋል፣ አንዳንዱን ላስቲክም ያሳብጣል። የሲሊኮን ግሪስ ይሻላል።

መርፌው ወረደ ተብሎ ግን ወዲያው መፍታት አያስፈልግም። ሲነፋ አየሩ ስለሚሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ከዚያ ይቆማል። ካልቆመ ፓምፑን አቁሜ፣ ፊቴን አርቄ፣ አንገቱ ላይ የሳሙና አረፋ አፈሳለሁ። የሚያፈስ ከሆነ ጥቃቅን አረፋ እየተነፋ ይወጣል።

የሚቀረው መንፋት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በእያንዳንዱ ምት የሚገባው አየርም በዚያው ልክ ያንሳል። የሰፈሩ ልጆች ፓምፑን እየተሻሙ ይነፉልኛል፤ ብርዱንም በዚያው ይረሱታል። እኔ ዞር በሉ ስል 10 ሜትር ርቀው የማስለቀቂያውን ገመድ ማን ይሳብ እያሉ ይጣላሉ።