17.2.15፦ አራት ወር የበላብኝ ቀን

ይህን የምጽፈው እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። የጦር ምርኮኛ መዝገብ ልትፈልጉ ካሰባችሁ፣ ቢያንስ እኔ የገባሁበት ጉድጓድ ውስጥ አትግቡ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ይቺን ቅንፍ እንዳትረሷት፣ በኋላ እንፈልጋታለን።)

ነገሩ የመጣው በእንግሊዛዊት ጓደኛዬ በኩል ነው። አያቷ ሲሞቱ ከዕቃቸው መሀል አንዲት በእጅ የተጻፈች ወረቀት ተገኘች። ስም፣ ሰባት አኃዝ ያለው የመለያ ቁጥር፣ ከዚያ ሁለት ቀኖች። ተማረከ፦ 17.2.15። ተለቀቀ፦ 20.9.7። በቃ። አያትየው ስለ ጦርነት አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። የባሰው ደግሞ አባታቸውም ወታደር ነበሩ፣ ስማቸውም ያው አንድ ነው። አባት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ላይ፣ ልጅ የሁለተኛው ላይ። ታዲያ የተማረከው የትኛው ነው?

«ይሄማ ቀላል ነው» አልኩ። አፌን በያዘው ኖሮ! እንግሊዝ ቀን ሲጽፍ መጀመሪያ ቀኑን፣ ከዚያ ወሩን፣ ከዚያ ዓመቱን ነው። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1915። አባትየው ናቸው። ወረቀቷን ካየሁ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላኝም።

የመጀመሪያው ጦርነት ምርኮኛ መፈለግ ደግሞ ደስ ይላል። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ጄኔቫ ላይ ያቋቋመው የምርኮኞች ኤጀንሲ ያኔ ወደ 7 ሚሊዮን ካርድ ሞልቷል። ከ2014 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያል። ሦስት ምሽት ስገላብጥ ቆይቼ ስሙን አገኘሁት። ቁርጥ እሱ! በደስታ ከወንበሬ ዘለልኩ።

ያቺ ካርድ ግን ማውጫ ናት። ፊደልና ቁጥር ተጽፎባታል፣ ያ ቁጥር ወደ ትልቁ መዝገብ ይመራል። የትውልድ ቦታና የቅርብ ዘመድ አድራሻ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። እኔ ካርዷን ይዤ ቆምኩ። ስም ገጠመ አይደል? ምን ቀረኝ?

ከዚያ ለማረጋገጥ ብዬ (ማረጋገጥ ተብሎ ነው) ለአንድ የመዝገብ ፈላጊ ባለሙያ ከፈልኩ። የላክሁለትን ሁሉ በጥሩ እንግሊዝኛ አሳምሮ መልሶ ላከልኝ። «ግኝቱ ትክክል ነው» ይላል። አንዲት አዲስ ወረቀት አልከፈተም። እኔም ሞኙ የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩለት፣ በማግሥቱ መለሰልኝ።

አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ እሱ ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር እየጮኸ ነበር፣ እኔ ነኝ አፉን የዘጋሁት።

አንደኛ፣ የአባትየው የአገልግሎት መዝገብ የለም። ለዚህ መልስ ነበረኝ። ከመጀመሪያው ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች መዝገብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ተቃጥሏል። «ተቃጥሎ ይሆናላ!» እሳቱ እውነት ነው። ግን ለማንኛውም የተሳሳተ ታሪክ መሸሸጊያ ይሆናል። መዝገብ መታጣቱ ሰውየው አላገለገለም ማለት አይደለም፣ የእኔ ግምት ልክ ነው ማለትም አይደለም።

ሁለተኛ፣ መለያ ቁጥሩ። በ1915 ቁጥር የሚሰጠው ሬጅመንቱ (ወታደሩ የተመደበበት የጦር ክፍል) ነበር። አንድ ቁጥር በተለያየ ሬጅመንት ያሉ ብዙ ሰዎች ሊይዙት ይችላሉ። ጦሩ ለሁሉም የሚሆን አንድ የቁጥር ሥርዓት የዘረጋው በ1920 ነው። ሰባት አኃዝ ያለው ቁጥር ዓይኔ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር።

ሦስተኛው ያሳፍራል። ተለቀቀ፦ 20.9.7። በእኔ አነባበብ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1907 ማለት ነው። በ1915 ተማርኮ በ1907 የተፈታ ሰው! ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አረምኩት። «የገለበጠው ሰው አንዷን አኃዝ ረስቷል፣ 17 ለማለት ነው» ብዬ 1917 አደረግኩት። በዚያ ዓመት የምርኮኛ ልውውጥ እንደነበረ አንብቤያለሁ፣ ስለዚህ አማረልኝ። ለጓደኛዬ ቤተሰብ የላክሁት ጽሑፍ ላይ 1917 ብዬ ነው የጻፍኩት። ጥያቄ ምልክት እንኳ አላደረግኩም።

አራት ወር እንዲህ አለፈ።

እውነቱ የተገለጠልኝ ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። የማላውቀው ቤተሰብ ያወጣው የአንድ ምርኮኛ ካርድ ስካን አየሁ። ጽሑፉ በከፊል ጃፓንኛ ነው። መሀል ላይ 17፣ 2፣ 15። ሌላ ካርድ ከፈትኩ። 17፣ 2፣ 15። ሌላም። አንድ ቀን ይሄን ሁሉ ሰው?

ሾዋ። (ከእኛ ሸዋ ጋር ዝምድና የለውም።) ጃፓኖች ዓመት የሚቆጥሩት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው፣ ዓመቱን ደግሞ ያስቀድማሉ። ሾዋ በጦርነቱ ጊዜ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ዘመን ስም ነው፣ በሾዋው ዓመት ላይ 1925 ትደምራላችሁ። 17 ማለት 1942። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942 ሲንጋፖር የወደቀችበት ቀን ነው፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወታደር በአንድ ቀን እጁን የሰጠበት። 20.9.7 ደግሞ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1945። ጃፓን የእጅ መስጠቷን ሰነድ በፈረመች በአምስተኛው ቀን። የገለበጠው ሰው አንዲት አኃዝ አልረሳም። ልጅየው ናቸው፣ የጓደኛዬ አያት።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰባትና ስምንት እየደመርኩና እየቀነስኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። «የማን አቆጣጠር ነው?» ብሎ መጠየቅ ከእኔ በላይ ለማን ይቀርባል? አልጠየቅኩም።

የቀረው በሁለት ሳምንት አለቀ። ጃፓኖች የሞሏቸው የምርኮኛ ካርዶች ዛሬ ያሉት ለንደን ውስጥ ኪው በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው፣ መለያቸው ደብሊው ኦ 345። ካርዱን በስም ሳይሆን በቁጥሩ አመሳከርኩት፣ ገጠመ። ሁለት ሰያፍ ቀይ መስመር የተሰመረበት ካርድ ብዙውን ጊዜ ምርኮኛው እዚያው ሞቷል ማለት ነው። የእሳቸው ላይ መስመር የለም። ጀርባውንም እዩ፣ የጤናና የዝውውር ማስታወሻ አንዳንዴ እዚያ ነው ያለው። ቅጂ ስታዝዙ «ሁለቱንም ገጽ» ብላችሁ ጻፉ።

መመሪያዎች ከስምና ከአገልግሎት መዝገቡ ጀምሩ ይላሉ። እኔ አልስማማም። የአገልግሎት መዝገብ ስለ ምርኮ ጊዜ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት መስመር ነው፦ የደረሰበት አልታወቀም፣ ምርኮኛ ነው፣ ተመለሰ። እኔ ብሆን ከተማረከበት ቦታና ከማረከው ጦር እጀምራለሁ። ወረቀቱን የጻፈው ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ ቀኑን ማንበብ አትችሉም። ከዚያ ምርኮኞቹ ነጻ ሲወጡ ራሳቸው የሞሉትን መጠይቅ ፈልጉ፣ ደብሊው ኦ 344 ውስጥ ወደ 140 ሺህ አለ። የአያትየውን አገኘሁት። ስለ ጦርነት ትንፍሽ ያላሉት ሰው የነበሩባቸውን ካምፖች በገዛ እጃቸው አንድ በአንድ ዘርዝረዋል። ጓደኛዬ ጽሑፋቸውን ስታይ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም።

የጄኔቫውንም ሰውዬ በመጨረሻ ትልቁ መዝገብ ላይ አየሁት። የትውልድ ቦታው ሌላ፣ የቅርብ ዘመድ ተብላ የተጻፈችው ሴት ሌላ። ከቤተሰቡ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። አሥር ደቂቃ ነው የፈጀብኝ።

ለባለሙያውም ጻፍኩለት፣ ከነማስረጃው፣ ገንዘቤን መልስ ብዬ። ለምስጋናዬ በማግሥቱ የመለሰ ሰው ይሄው ስድስት ሳምንቱ፣ ጭጭ።